ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ፡ ከሰላዩ እስከ አፈርሳታው

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ መቼትና ስለ አንጻር በስፋት እንማራለን። «ልብ ሰቀላ» የምትባለው ግን ከንግርና ከምልሰት ጋር ተደርባ በአንድ አንቀጽ ታልፋለች። ፈተና ላይ ብትመጣም ሁለት ማርክ ነች። እኔ ደግሞ አማርኛ ማንበብ የጀመርኩት በዚህችው በሁለት ማርኳ ነገር ምክንያት ስለሆነ ዛሬ ትንሽ ልሟገትላት ተነሥቻለሁ።

ያደግኩት እዚሁ ሲናና ነው። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ለኔ የክፍልና የገበያ ቋንቋ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ታላቅ ወንድሜ ከጎባ አንድ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉም፤ የመጨረሻዎቹም የሉም። ከገጽ 9 ይጀምርና ገጽ 174 ላይ ያልቃል። ታሪኩ ድሬዳዋ ውስጥ ስለተገደለ አንድ የቡና መጋዘን ዘበኛ ነው። መርማሪው ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ፣ የተጠረጠሩትን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ፣ ገዳዩ ከመካከላችሁ ነው ብሎ ጣቱን ሊያነሣ ሲል ገጽ 174 አለቀ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያመለጠኝ ፍንጭ ይኖራል ብዬ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በሦስተኛው ጊዜ መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ የማላውቀውን ቃል ሁሉ እየፈለግኩ ነው ያነበብኩት። በዚያ ዓመት የአማርኛ ውጤቴ ከ54 ወደ 81 ወጣ። ቤተሰቦቼ አስተማሪዬን አመሰገኑ። እኔ ግን በልቤ ያመሰገንኩት ዘበኛውን ነው፣ ነፍሱን ይማርና።

ታዲያ በማስተማር ልምምድ ጊዜ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ ልብ ወለድ ዴስክ ሥር ደብቃ ስታነብ ተያዘች። መምህሩ መጽሐፉን ነጠቃትና «ይሄ ተራ ነገር ነው፤ ቁም ነገር አንብቢ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምታዘብ ተለማማጅ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ሌላ መጽሐፍ ይዛ አላየኋትም። ዝም ማለቴ እስካሁን ይከነክነኛል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያን ቀን ለመምህሩ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ነው፤ በእርግጥ ያን ቀን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

ስሙና ጠባዩ

እንግሊዞች «ትሪለር» የሚሉትን እኛ ብዙ ጊዜ «ልብ አንጠልጣይ» እንለዋለን። ብዙዎቻችን ግን ይህን ከልብ ሰቀላ ጋር አንድ እናደርገዋለን። በኔ አስተያየት ልብ ሰቀላ ዘዴ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ግን ዘውግ ነው። ዘዴው የሌለበት ጥሩ ልብ ወለድ የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናነብ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይገናኙ ይሆን እያልን አይደል ገጹን የምንገልጠው? ከዚያም ቀደም ብሎ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ማንነቷን ደብቃ ስትጓዝ «አሁን ትታወቅ ይሆን?» እያልን ነው አብረናት የምንሄደው። ግን እነዚህን መጻሕፍት ልብ አንጠልጣይ አንላቸውም፤ ምክንያቱም መላ ሕንጻቸው የቆመው በሥጋት ላይ አይደለም። ልብ አንጠልጣዩ ሥጋቱን ካወጣህበት ይፈርሳል።

ሥጋት እንዴት ይሠራል? እንግሊዛዊው የፊልም ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ በጠረጴዛ ሥር ስለተቀመጠ ቦምብ የሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው። ወደ ሰፈራችን ላምጣው። ሁለት ሰዎች ሮቤ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ስንዴ ዋጋና ስለ ኮምባይነር ኪራይ ያወራሉ። ድንገት ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ ይፈነዳል። አንባቢው ይደነግጣል፤ ድንጋጤው የጥቂት ሰከንድ ነው። አሁን ደግሞ ቦምቡ እንዳለና ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደሚፈነዳ ለአንባቢው አስቀድመን እንንገረው፤ ሰዎቹ ግን አያውቁም። ያው የስንዴ ዋጋ ወሬ የማይቻል ይሆናል። «ተነሡ እንጂ! ስንዴው ገደል ይግባ!» ያሰኛል። አንደኛው ሊነሣ ይልና ሁለተኛው «ቆይ አንድ ሻይ ድገም» ይለዋል። ድንጋጤው ሩብ ሰዓት ሙሉ የሚቆይ ጭንቀት ሆነ ማለት ነው። ደራሲው የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ የበለጠ ነገረው።

ቡልጋሪያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረው ሐያሲ ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1966 የወንጀል ልብ ወለድን ዓይነቶች ሲለይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አንሥቷል። በምርመራው ልብ ወለድ ወንጀሉ አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ የምንጠይቀው «ማን አደረገው?» ብለን ወደ ኋላ ነው። በልብ አንጠልጣዩ ግን አደጋው ገና እየመጣ ነው፤ የምንጠይቀው «ምን ሊመጣ ነው?» ብለን ወደ ፊት ነው። ይህ መለኪያ ከዚህ በታች ያሉትን ዓይነቶች ለመለየት በጣም ስለረዳኝ እጠቀምበታለሁ።

የስለላው

በኛ አገር ሥር የሰደደው ዓይነት የስለላ ልብ ወለድ ይመስለኛል። በዓለም ደረጃ ሲታይ የስለላ ልብ ወለድ ከኧርስኪን ቺልደርስ የ1903 ሥራ ጀምሮ፣ በጆን ባካን የ1915 «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» በኩል አልፎ ሁለት መንገድ ያዘ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። አንደኛው የኢያን ፍሌሚንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ጀምስ ቦንድ ልብሱ የማይጨማደድ፣ ጥይት የማያገኘው ሰላይ ነው። ሁለተኛው የጆን ለ ካሬ ነው። በ1963 የወጣው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰላይ የደከመው፣ የሚጠጣ፣ አለቆቹ ራሳቸው የሚያታልሉት ሰው ነው። ሁለቱም ደራሲዎች በእንግሊዝ የስለላ ሥራ ውስጥ ያለፉ ናቸው። አንዱ ሥራውን አሳመረው፣ አንዱ ገመናውን አወጣው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን ዓለም ያስተዋወቁት በዋናነት ደራሲና ተርጓሚ ማሞ ውድነህ ናቸው። «ሰላዩ ሬሳ»፣ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» የሚሉት ርዕሶች ብቻቸውን እንኳ መጽሐፉን ያስከፍታሉ። «ጆሮ ጠቢ» ስንት ዘመን የኖረ የአማርኛ ቃል ነው፤ እሳቸው ግን ከሰፈር ሐሜት አውጥተው ካይሮ ድረስ ላኩት። ዲፓርትመንታችን ስለ ትርጉም ሲያስተምር እሳቸውን በምሳሌነት ቢያነሣ አይከፋም ባይ ነኝ። የብዙ ሰው ወላጅ ንባብ የለመደው በሳቸው መጽሐፍ ነው።

ከዚያ «ኦሮማይ» አለ። እዚህ ላይ ጠለቅ ማለት እፈልጋለሁ። በዓሉ ግርማ ኢሉባቦር፣ ሱጴ ተወልዶ፣ በጋዜጠኝነት አድጎ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን የደረሰ ሰው ነው። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲያካሂድ እሱም ለቅስቀሳው ሥራ አስመራ ነበር። ከዚያ ይዞት የመጣው ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው፤ አዲስ አበባ እጮኛውን ትቶ አስመራ ሲደርስ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ይተዋወቃል።

ብዙ ሰው መጽሐፉን «የፖለቲካ ልብ ወለድ» ይለዋል፤ ሌላው «የፍቅር ታሪክ ነው» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አሠራሩን ስናይ ግን አጽሙ የስለላ ልብ ወለድ ነው። በከተማው ውስጥ የተዘረጋ የምስጢር መረብ አለ፤ ከኛ ወገን የተባለው ሰው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በሆቴሉ፣ በቡና ቤቱ፣ በስብሰባው ውስጥ ጆሮ አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሰዓቱ የሚቆጥር ዘመቻ አለ። ከቦንድ ይልቅ ወደ ለ ካሬው ይጠጋል፤ ምክንያቱም በመጨረሻ አንባቢው የሚጠይቀው «ጠላት ማነው?» ብሎ ሳይሆን «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምንድነው?» ብሎ ነው። መጨረሻውን አልናገርም። ርዕሱ ግን ከጣሊያንኛ ወደ ትግርኛ የገባ፣ «እንግዲህ አበቃ» የሚል ስሜት ያለው ቃል መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

የኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። «ተራ ነገር» ቢሆን ኖሮ መንግሥት ምን አስደነገጠው? መጽሐፉ በቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ከ40 ዓመት በላይ አልፎም ምን እንደደረሰበት ቤተሰቡ በእርግጠኝነት አያውቅም። በልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ውስጥ አደጋው ከሽፋኑ አይወጣም ብለን ተማምነን ነው የምንዝናናው፤ በዓሉ ላይ ግን ወጣ። መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በኋላ በነጻነት ታተመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። እንዳለጌታ ከበደ ስለ በዓሉ ሕይወትና ሥራዎች ያዘጋጀውን ትልቅ መጽሐፍ ያገኘ ሰው ቢያነበው ከኔ የተሻለ ይነግረዋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የቀይ ኮከብ ዘመቻ እንዴት እንዳለቀ ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን፤ ታዲያ «ኦሮማይ»ን ስናነብ ለምን እንጨነቃለን? ፍሬድሪክ ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው «የጃካል ቀን» ላይም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። መጽሐፉ ነፍሰ ገዳይ ተቀጥሮ የፈረንሳዩን መሪ ደ ጎልን ሊገድል ሲያደባ ያሳያል። ደ ጎል በሰው እጅ እንዳልሞተ ዓለም ያውቃል። ግን እየተንቀጠቀጥን እናነባለን። እንግዲህ የሚያጨንቀን ውጤቱ ሳይሆን መንገዱ ነው ማለት ነው። የፖለቲካ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ይህ ዓይነቱ ነው፤ ከስለላው ጋር ድንበሩ ስስ ነው።

የጦር ሜዳውን ዓይነት በተመለከተ የገበየሁ አየለ «ጣምራ ጦር» ይጠቀሳል፤ የሶማሊያን ወረራ ጊዜ የሚያነሣ ነው። ለኛ ለባሌ ልጆች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነቱ የባሌን ቆላ አዳርሶት ነበር፤ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ያወሩታል።

ስለ «ዴርቶጋዳ» ካልጻፍኩ ደግሞ ጓደኞቼ አይለቁኝም። የይስማዕከ ወርቁ ይህ መጽሐፍ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወጥቶ ስንቱን ወጣት አንባቢ እንዳደረገ የማያውቅ የለም። የጣና ገዳማት፣ የውጭ የስለላ ድርጅቶች፣ የጠፈር ሳይንስ፣ በሩቅ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ ሁሉም በአንድ ድስት ገብቷል። ብዙ አንባቢ ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉን ሲያነብ በናሳ የሠሩትን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስባል። ይህ ዓይነቱ «የሤራ ልብ አንጠልጣይ» ሊባል ይችላል፤ በዓለም ላይ ዳን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው «የዳ ቪንቺ ኮድ» የታወቀው መንገድ ነው፤ ጥንታዊ ምስጢር፣ ምልክት፣ ሩጫ። እውነቱን ለመናገር እኔን አጋጣሚው ይበዛብኛል። ጀግናው በተቸገረ ቁጥር አንድ የሚረዳው ነገር ከተፍ ሲል ልቤ ከተንጠለጠለበት ይወርዳል። ግን የክፍሌ ልጆች ግማሹ አማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር የጨረሱት እሱን ብቻ ነው። ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም።

የምርመራው፣ አፈርሳታውና ሌባ ሻዩ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በኛ ዘንድ ለምን እንደ ስለላው አልጠነከረም? ይልማ ሀብተየስን የመሰሉ ደራሲዎች በዚህ መስክ ሠርተዋል፤ የሲድኒ ሼልደን ትርጉሞችም በየመጽሐፍ አዟሪው እጅ አሉ። ግን ብዙ ጊዜ መርማሪያችን ኮት ለብሶ ሲጋራ እያጨሰ የሚያስብ፣ ከፈረንጅ የተዋስነው ሰውዬ ነው። የኔ ዘበኛ መርማሪም እንደዚያው ነበር፤ ድሬዳዋ በዚያ ሙቀት ኮቱን አላወለቀም።

አገራችን ግን የራሷ የምርመራ ሥርዓት ነበራት። አንደኛው አፈርሳታ ነው፤ በሌላ ቦታ አውጫጭኝ ይባላል። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይደረጋል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጠብቃል። ካልተገኘ ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። አሁን ይህን ከአጋታ ክሪስቲ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣችው የታወቀ ሥራዋ ባቡር በበረዶ ተይዞ ይቆማል፤ ገዳዩ ከተሳፋሪዎቹ ውስጥ ነው፤ ማንም መውጣት አይችልም። እሷ ሰዎቹን አንድ ቦታ ለመዝጋት በረዶ አስፈለጋት። እኛ ግን የምንዘጋበት ሕግ ነበረን! ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ሕዝብ፣ አጠገብህ ያለው ጎረቤትህ የሚያውቀውን ይናገር አይናገር የማታውቅበት፣ ዝናብ የመጣ፣ አዝመራ የደረሰበት። ይህን ያህል የተዘጋጀ መቼት እያለ የለንደን ጭጋግ ምን ያደርግልናል?

ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። ዛሬ ቀርቷል። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠውና ይለቀቃል፤ ሰዎች ይከተሉታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህን ሳነብ ሂችኮክ ትዝ አለኝ። ደራሲ ቢኖር ታሪኩን ከልጁ ወይም ከዳኛው አንጻር ባይጽፈው እመርጣለሁ። አንድ ንጹሕ ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ ልጁ እየተንገዳገደ ወደ መንደሩ ሲገባ ያያል። ወደ ግራ ሲል እፎይ ይላል። እንደገና ይመለሳል። እኛ አንባቢዎች ደግሞ ሌባው ማን እንደሆነ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ እናውቃለን፤ ከልጁ ኋላ ከሚከተሉት ሰዎች አንዱ ነው። ቶዶሮቭ ያለው «ወደ ኋላ» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ወደ «ፊት» ይዞራል።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። የሥነ ልቦናው ዓይነት አደጋውን ከውጭ ወደ ሰው ጭንቅላት ያስገባል፤ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ቶማስ ሃሪስ በ1988 ያወጧቸው ሥራዎች ይጠቀሳሉ። በኛ በኩል ከመጽሐፍ ይልቅ በቴሌቪዥን የቀረበን ይመስለኛል፤ «ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ ሲታይ ልጅ ነበርኩ፤ የአስናቀን ክፋት ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፣ አብረውት ያሉት ሰዎች ግን አያውቁም። ያው ጠረጴዛ ሥር ያለው ቦምብ ነው። እናቴ ቴሌቪዥኑን «ተጠንቀቂ!» እያለች በኦሮምኛ ታስጠነቅቅ ነበር። የፍርድ ቤቱን ዓይነት በ1991 በወጣው መጽሐፉ ገናና የሆነው ጆን ግሪሻም ነው። የአሜሪካው ችሎት ተራ ሰዎች በሚፈርዱበት ዳኝነት ላይ ስለሚቆም ጠበቃው ተዋናይ መሆን አለበት፤ የኛ ችሎት እንደዚያ አይደለም፤ ግን በድሮው የሙግት ሥርዓት ተከራካሪዎች «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ የነበረውን የቃል ጦርነት ያነበበ ሰው ቁሱ እንደማይጎድለን ይረዳል። የቴክኖሎጂው የማይክል ክራይተንና የቶም ክላንሲ ነው፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ማሽኑ ከሰው ሲበልጥብኝ እተወዋለሁ።

የሕክምናው ዓይነት ግን ወደ ደጃችን ያመጣናል። ሮቢን ኩክ ራሱ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 «ኮማ»ን ሲያወጣ ሰው የሚፈራውን ቦታ ሆስፒታል አደረገው። የዚህ ዓይነት ታሪክ ሌላው መልክ በሽታና ሰዓት የሚሽቀዳደሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች፣ በወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ በቀይ ቀበሮዎች ላይ ተነሣ። በሽታው የመጣው ከቤት ውሾች ነው። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው ከ500 ያነሱ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት እኛ ዘንድ ነው። በሸለቆው ካሉት ከግማሽ የሚበልጡት አለቁ። ወደ ሌላው ሸለቆ እንዳይሻገር ባለሙያዎች በብርድ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ቀበሮዎቹን አንድ በአንድ እያጠመዱ መከተብ ነበረባቸው። አንድ ያልተከተበ ውሻ ከአንድ እረኛ ጋር ድንበሩን ቢያልፍ በቃ! እስቲ ንገሩኝ፤ ይህ ከየትኛው የፈረንጅ መጽሐፍ ያንሳል? እረኛውም ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሻው ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅለት ነው።

የሶፍ ዑመር ዋሻም አለ፤ ወብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ሥር የቆፈረው። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን ከ4 ሺህ ሜትር በላይ አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው መንገድም አለ፤ ጉም ሲወርድበት ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና የማታይበት። ለመቼት ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልገንም። በሚቀጥለው እትም አጭር ልብ ወለድ የሚያቀርቡ የዲፓርትመንታችን ልጆች ካሉ ሐሳቡን በነጻ ሰጥቻለሁ፤ አፈርሳታውን ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ልምምዴን ጨርሼ ስመለስ ያቺን ተማሪ ግቢ በር ላይ አግኝቻት መጽሐፉ ምን እንደነበር ጠየቅኳት። ርዕሱን አታውቀውም፤ ሽፋን አልነበረውም። ስለ አንድ የተገደለ ዘበኛ ነው አለችኝ። የኔው ቅጂ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ወንድሜ ለማን እንዳዋሰው ረስቶታል። ገጽ ስንት ደርሰሽ ነበር ስላት 160 አካባቢ አለች። መጨረሻው እንደሌለው አልነገርኳትም። ከአንባቢያን መካከል ድሬዳዋ፣ የቡና መጋዘን፣ ኮቱን የማያወልቅ መርማሪ ያለበትን ይህን መጽሐፍ የሚያውቅ ካለ፣ ርዕሱንና ከገጽ 174 በኋላ ያለውን በዲፓርትመንቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍልን ለሁለት ሰው ይሆናል።